የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና በበጋ፦ ሙቀቱን ከመግቢያው መያዝ

የአሮጌ ፒክአፕ ጋቢና በበጋ ሲያቃጥል አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚያስበው ኤሲውን ነው፤ ጋዝ ማስሞላት፣ ኮምፕሬሰር መቀየር፣ ኤሲ ከሌለው ደግሞ ማስገጠም። በእኔ እይታ ይህ ከጅራት መጀመር ነው። አሮጌ ጋቢና የሚሞቀው ማቀዝቀዣው ስለደከመ ብቻ አይደለም። ሙቀት የሚገባባቸው ቀዳዳዎች በዕድሜ ብዛት አንድ በአንድ ስለተከፈቱም ነው። ፋብሪካው የገጠመው ጎማ ተቀድዷል፣ ስፖንጁ ረግፏል፣ የማሞቂያው ካቦ ላልቷል፣ ከጭስ ማውጫው በላይ የነበረው መከላከያ ላሜራ በዝገት ወድቋል። እነዚህ ሳይስተካከሉ ኤሲ ላይ ገንዘብ ማውጣት በወንፊት ውሃ እንደ መቅዳት ነው። መጀመሪያ ይለኩ፣ ከዚያ የሙቀቱን መግቢያ ይዝጉ፣ ቀጥሎ አየሩን ያንቀሳቅሱ፤ ኤሲው የመጨረሻው ሥራ ነው።

ሁለት ጊዜ መለካት

ወደ ጋቢና የሚገባው ሙቀት ሁለት ምንጭ አለው፤ ፀሐይና ሞተር። ተቀላቅለው ስለሚመጡ ሰው ጣሪያውን ሲጠረጥር ጥፋቱ ከወለሉ ይገኛል። ለመለየት ሁለት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። አንደኛው ልኬት፣ ሞተሩ ከማታ ጀምሮ ሳይነሳ፣ መኪናው በቀትር ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። ሁለተኛው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ከዚያ አምስት ደቂቃ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ) ከቆመ በኋላ ነው። በመጀመሪያው የሚያቃጥለው ሁሉ የፀሐይ ነው። በሁለተኛው የሚያቃጥለው የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የጭስ ማውጫው ነው።

መሣሪያው ሳይነካ በርቀት የሚያነብ የጨረር ቴርሞሜትርና በዳሽቦርዱ የአየር ማውጫ ውስጥ የሚሰካ ተራ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው። አሥር ቦታ ለክተው ይመዝግቡ፦ የጣሪያውን የውስጥ ገጽ፣ የዳሽቦርዱን አናት፣ ከወንበሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ፣ ሁለቱን በሮች፣ የሹፌሩንና የተሳፋሪውን እግር ማሳረፊያ፣ በመሃል ያለውን የካምቢዮ ጉብታ፣ ከእግር ፊት ያለውን የሞተር ግድግዳ፣ ከማውጫው የሚወጣውን አየር። የጨረር ቴርሞሜትር አንድ ድክመት አለው። በሚያብረቀርቅ ባዶ ላሜራ ላይ ሲያነጣጥሩት ከእውነቱ በጣም ያነሰ ቁጥር ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቁራጭ ጥቁር ናስትሮ ይለጥፉ፣ ጥቂት ይጠብቁ፣ ናስትሮውን ይለኩ። ይህን ባለማወቅ የጋለን የጭስ ማውጫ መከላከያ «ቀዝቃዛ ነው» ብለው የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

ከአሥሩ ዋናው የአየር ማውጫው ልኬት ነው። ኤሲው ይጥፋ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያው እስከ መጨረሻው ቀዝቃዛ ላይ ይሁን፣ ማራገቢያው መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ የውጭ አየር ይሳብ፣ መኪናውም እየሄደ ይሁን። የሚወጣው አየር ከውጭው በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ቢበልጥ ደህና ነው። በ8 ወይም በ10 ዲግሪ ከበለጠ ግን ማሞቂያው ሳይታዘዝ እየሠራ ነው፤ ወይም የሞተር ክፍሉ አየር በሆነ ቀዳዳ እየተሳበ ነው።

ሳይታዘዝ የሚያሞቀው ማሞቂያ

በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥፋት ይህ ነው፤ ሲስተካከል የሚያመጣው ለውጥም ከወጪው ጋር አይመጣጠንም። ከዳሽቦርዱ ሥር የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር አለ። ሞተሩ ሲሞቅ በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ይህ ውሃ በበጋም የሚዞር ከሆነ፣ የአየር መዝጊያው ክዳን ዝግ ቢሆን እንኳ፣ ከጉልበትዎ ፊት የጋለ ምድጃ ተቀምጧል ማለት ነው። ኤሲው ያቀዘቀዘውን አየር ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል።

ምርመራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ መቆጣጠሪያው ቀዝቃዛ ላይ ይሁን፣ ኮፈኑን ይክፈቱ። በሞተር ግድግዳው በኩል ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች በጨረር ቴርሞሜትሩ ይለኩ። አንዱ ትኩስ ሆኖ ሌላው ቀዝቀዝ ካለ ቫልቩ ዘግቷል። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው እየዞረ ነው። ያን ጊዜ ጎማዎቹን ይከተሉና ቫልቭ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ሞዴሎች ከፋብሪካው ሲወጡም ቫልቭ የላቸውም፣ የሚተማመኑት በውስጠኛው ክዳን ብቻ ነው።

ቫልቩ በካቦ የሚሠራ ከሆነ ከመቀየርዎ በፊት ካቦውን ያስተካክሉ። የካቦውን ጫፍ ከቫልቩ ክንድ ያውጡ፣ ክንዱን በእጅ እስከ መጨረሻው ይዝጉ፣ ረዳትዎ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መቆጣጠሪያ እስከ መጨረሻው ቀዝቃዛ ላይ ያድርግ፣ ከዚያ መልሰው ይሰኩ። ብዙ ጊዜ ያረጀው የውስጡ ሽቦ አይደለም፤ የውጩን ሽፋን የሚይዘው ቅንጥብ ላልቶ ሽፋኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ክንዱ ሩብ መንገድ ሲቀረው ይቆማል። ሩብ ክፍት የሆነ ቫልቭ ደግሞ ጋቢናውን ለማጋል በቂ ውሃ ያሳልፋል። የደረቀ ክንድ በፒንሳ አያስገድዱ፤ የፕላስቲኩ ቫልቭ በአንገቱ ተሰብሮ የሞተሩን ውሃ ያፈስሰዋል።

ከመግዛትዎ በፊት ጥፋቱ የማሞቂያው መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል። አፉ ለስላሳ በሆነ የጎማ መቆንጠጫ የሚገባውን ጎማ ለጊዜው ይቆንጥጡና ሃያ ደቂቃ ይንዱ። የማውጫው አየር ወደ ውጭው አየር ከተጠጋ መልሱን አግኝተዋል። ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ግን አይቆንጥጡት፤ መጀመሪያ ጎማውን ይቀይሩ።

ቫልቭ ለሌለው መኪና በጎማው መሃል የሚገባ ቫልቭ መጨመር ይቻላል። የጎማዎቹ የውስጥ ስፋት አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 19 ሚሊሜትር ስለሆነ ለክተው ይግዙ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ዋናው ራዲያተር የሚከፍተው ቫልቭ) ሳይከፈት ውሃው የሚዞረው በማሞቂያው መንገድ ነው። ያንን መንገድ በተራ ባለ ሁለት አፍ ቫልቭ ከዘጉት የውሃው ዙር ይታወካል። በእንዲህ ያለው ሞተር ላይ ባለ አራት አፍ ቫልቭ ይግጠሙ፤ ሲዘጋ ውሃውን ከማሞቂያው ራዲያተር ያግደዋል፣ በአጭር መንገድ ግን ወደ ሞተሩ ይመልሰዋል። የሞተርዎን ዓይነት በእርግጠኝነት ካላወቁ ባለ አራት አፉ በሁለቱም ዓይነት ላይ ይሠራልና እሱን ይምረጡ። ሥራው የሚሠራው በቀዘቀዘ ሞተር ነው፤ የሞቀ ራዲያተር ክዳን በፍጹም አይከፈትም። ሲጨርሱ አየሩን ያስወጡ፣ ውሃውን ይሙሉ፣ ፋሼታዎቹን (የጎማ ማሰሪያዎቹን) ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ደግመው ያጥብቁ።

ማሞቂያውን ጨርሶ ቆርጦ መጣል ግን አልመክርም። በዝናብ ቀን የመስታወቱን እንፋሎት የሚያጠፋው እሱ ነው። ሞተሩ መንገድ ላይ ሲግልም ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማራገብ ጥቂት ሙቀት ከሞተሩ ላይ ያወርዳል። በበጋም በወር አንድ ጊዜ ቫልቩን ከፍተው ይዝጉ፣ እንዳይደርቅ።

ቫልቩ ደህና ሆኖም ማውጫው የሚያሞቅ ከሆነ የውስጡን ክዳን ይጠርጥሩ። ከማውጫው ጥቁር የስፖንጅ ፍርፋሪ የሚወጣ ከሆነ ምልክቱ እሱ ነው። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ በዕድሜ ብስባሽ ይሆንና ክዳኑ ቢዘጋም ዙሪያው ክፍት ይቀራል። በአንዳንድ መኪኖች ክዳኑ ራሱ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ላሜራ ስለሆነ ስፖንጁ ሲረግፍ ወንፊት ይሆናል። ሳጥኑን ያውርዱ፣ ብስባሹን ይፋቁ፣ በአልኮል ያጽዱ፣ ቀዳዳ ካለው በአሉሚኒየም ፕላስተር ይድፈኑ፣ ከዚያ ውሃ የማይመጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፎም ይለጥፉ። ከዚህ የወፈረ ፎም ክዳኑ እስከ መጨረሻው እንዳይሄድ ያግደዋል።

የሞተር ግድግዳው ቀዳዳዎች

ለዚህ ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ማታ በጨለማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጠንካራ መብራት በኮፈኑ ሥር ያስቀምጡና ጋቢና ውስጥ ገብተው ከዳሽቦርዱ ሥር ይመልከቱ። ብርሃን የሚታይበት ሁሉ የሙቀት በር ነው። ከዓመታት በፊት የወጣ ሬዲዮ ወይም ማንቂያ ደወል ሽቦ ያለፈበት ቀዳዳ፣ የመሪው ዘንግ ጎማ፣ የፍሪሲዮኑ ፔዳል መግቢያ፣ የወፍራሙ የሽቦ ጥቅል ዙሪያ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እነዚህ ናቸው። ክብ ቀዳዳዎችን በልኩ በተገዛ የጎማ መድፈኛ፣ የሽቦ ዙሪያዎችን ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ይዝጉ። በቆርቆሮ የሚሸጠውን የሚያብጥ ፎም አይጠቀሙ፤ ውሃ ይዞ ላሜራውን ያዝገዋል፣ በሙቀት አጠገብም ይቀጣጠላል።

የማርሽ ዘንጉ ጎማም አይዘለል። ከላይ ያለው የሚያምረው የቆዳ ሽፋን አየር አይከለክልም፤ የሚከለክለው ከሥሩ ያለው ወፍራም ጎማ ነው። ብዙ ጊዜ የተቀደደው ያው ወፍራሙ ሲሆን፣ በእሱ በኩል የካምቢዮውና የጭስ ማውጫው ሙቀት ቀጥታ ወደ እጅዎ ይወጣል። እነዚህን ቀዳዳዎች መዝጋት ከሙቀትም በላይ ነው፤ በሙቀት መንገድ የጭስ ማውጫ ጋዝም ይገባል።

ቀጥሎ በኮፈኑ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለውን ጎማ ይመልከቱ። ሥራው የሞተሩ ትኩስ አየር ከፊት መስታወቱ ሥር ወዳለው የአየር መሳቢያ እንዳያልፍ ማገድ ነው። ጎማው ላይ ወረቀት አስቀምጠው ኮፈኑን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡ። ያለ ምንም መያዝ ከወጣ ጎማው ጠፍጥፏል። በመንገድ ላይ ደህና የነበረው አየር መብራት ላይ ሲቆሙ ወዲያው የሚሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ጎማው እስኪቀየር ድረስ በቆሙ ቁጥር የውስጥ አየር ማዞሪያውን ያብሩ፣ ሲሄዱ ይመልሱ።

ወለሉና ጭስ ማውጫው

በማታው ልኬት የተሳፋሪው ወገን ከሹፌሩ ወይም የሹፌሩ ከተሳፋሪው በጣም ከበለጠ፣ የጭስ ማውጫው በየትኛው በኩል እንደሚያልፍ ይመልከቱ፤ መልሱ እዚያ አለ። መኪናውን በመቆሚያ ላይ አንስተው (በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አይግቡ)፣ ቱቦው ቀዝቅዞ እያለ ከወለሉ ጋር ያለውን ክፍተት፣ የመከላከያውን ላሜራና የቱቦ ማንጠልጠያ ጎማዎቹን ይፈትሹ። የተበጠሰ ማንጠልጠያ ቱቦውን ወደ ወለሉ ያስጠጋዋል። በመጋጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ካዩ ጭስ እየሾለከ ነው፤ ማንኛውንም መከላከያ ከመግጠም በፊት ያ መዘጋት አለበት። የጭሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

የወደቀውን መከላከያ በ0.5 ወይም በ1 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ላሜራ መሥራት ይቻላል። ቁም ነገሩ ላሜራው ሳይሆን ክፍተቱ ነው። ከወለሉ ጋር ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ክፍተት እንዲኖረው በእያንዳንዱ ብሎን ላይ የብረት ቱቦ ቁራጭ ያስገቡ። አየር በመሃሉ እያለፈ ሙቀቱን ይወስደዋል። ወለሉ ላይ የተጣበቀ መከላከያ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ለወለሉ ያቀብላል። ቱቦውን በጨርቅ መጠቅለል የሚመርጡ አሉ። ይሠራል፣ ግን ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፤ ተራ ብረት የሆነ አሮጌ ቱቦ በውስጡ ሳይታይ ይበሰብሳል። እኔ ላሜራውን እመርጣለሁ።

ቱቦው ከሌላው ጊዜ በላይ የሚግል ከሆነ ምክንያቱ ሞተሩ ሊሆን ይችላል። የቤንዚን ሞተር የእሳት ሰዓቱ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ከዘገየ ነዳጁ ዘግይቶ ስለሚነድ ሙቀቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል። አንዱ ካንዴላ የማይሠራ ከሆነ ደግሞ ያልነደደው ቤንዚን በጭስ ማጣሪያው (ካታሊቲክ ኮንቨርተር) ውስጥ ይነድና ማጣሪያው እስኪቀላ ድረስ ይግላል።

ከውስጥ በኩል ምንጣፉን ያንሱ። ዝገቱን ሳይጠርጉና ሳይቀቡ ምንም ነገር አይለጥፉ፤ የተሸፈነ ዝገት በሁለት ክረምት ወለሉን ይበላዋል። ከዚያ ጥቂት ቡታይል ንጣፍ (ንዝረትና ድምፅ የሚይዝ ተለጣፊ የጎማ ንጣፍ)፣ በላዩ ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር ፎም፣ በላዩ ምንጣፉ። ቀጥታ ከጭስ ማጣሪያው በላይ በሚውለው ቦታ ግን ፎም ሳይሆን ሙቀት የሚችል የፋይበር ንጣፍ ያድርጉ።

ጣሪያው

በአሮጌ ፒክአፕ ጣሪያው ብዙ ጊዜ ባዶ ላሜራና ቀጭን ካርቶን ነው። በጥርት ያለ ቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታፈሰው ኃይል ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። የባለ አንድ ረድፍ ጋቢና ጣሪያ አንድ ካሬ ሜትር ተኩል አካባቢ መሆኑን ሲያስቡ፣ ራስዎ ላይ የበራ ምድጃ የሚመስልዎት ለምን እንደሆነ ይገባዎታል።

ርካሹ መፍትሔ ነጭ ቀለም ነው። ጣሪያውን ብቻ ነጭ መቀባት፣ በተለይ መኪናው ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ፣ የላሜራውን ሙቀት በእጅ ሲነኩት በሚታወቅ ልክ ይቀንሰዋል። ሙቀቱን ከውጭ የሚመልስ ነገር ሁሉ ከገባ በኋላ ከሚያግድ ይበልጣል።

ከውስጥ በኩል ሰዎች አንድ ነገር ያምታታሉ። በአሉሚኒየም የተሸፈነው ቡታይል ንጣፍ የሚያግደው የላሜራውን ንዝረትና ድምፅ ነው፤ ሙቀት በማገድ ረገድ ደካማ ነው። ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ በእሱ መሸፈን ክብደት መጨመር ብቻ ነው። ከጣሪያው ሩቡ እስከ ግማሹ ቢሸፈን ድምፁ ይጠፋል። ሙቀቱን የሚያግደው በላዩ የሚመጣው ውሃ የማይመጥ ፎም ሲሆን፣ እሱ ግን አንድም ክፍተት ሳይቀር ጣሪያውን መሸፈን አለበት። ርካሹን ከአስፋልት የተሠራ ንጣፍ ጣሪያ ላይ አይለጥፉ። በበጋ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ወርዶ ካርቶኑ ላይ ይተኛል።

አለጣጠፉ እንዲህ ነው። ካርቶኑን ያውርዱ፣ የድሮውን ሙጫ ይፋቁ፣ ላሜራውን በአልኮል ሁለት ጊዜ ይጥረጉ። ቡታይሉን ለብ ባለ ላሜራ ላይ ይለጥፉና ጽሑፉ ወይም ጉርብጥብጡ እስኪጠፋ በትንሽ ሮለር ይጫኑት። ለፎሙ የሚሆነው ሙጫ ለመኪና ጣሪያ ተብሎ የተሠራ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል መሆን አለበት። ፀሐይ ላይ የቆመ ጣሪያ ከ70 ዲግሪ በላይ ሊሄድ ይችላል፤ የቤት ዕቃ ሙጫ በዚያ ሙቀት ይለቃል። ሙጫውን በሁለቱም ገጽ ይቀቡ፣ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየጫኑ ይለጥፉ። ካርቶኑን የሚይዙትን ቀዳዳዎች ቀድመው ምልክት ያድርጉባቸው።

የኋላው ግድግዳም እንዲሁ ይሠራል። በሮቹ ላይ ግን ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አይድፈኑ፤ በመስታወቱ ጎን የሚገባው ውሃ በዚያ ነው የሚወጣው።

መስታወቱና ማቆሚያው

የፀሐይ ኃይል ግማሽ ያህሉ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። ስለዚህ የጠቆረ ፊልም ሁሉ የሚያቀዘቅዝ አይደለም፤ ርካሹ ቀለም ያለው ፊልም ብርሃኑን ያጨልምና ሙቀቱን ያሳልፋል። የሴራሚክ ፊልም ግን ብዙም ሳይጨልም ኢንፍራሬዱን ያግዳል። በፊትና በጎን መስታወት ላይ ምን ያህል ፊልም እንደሚፈቀድ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያልና ሳይጠይቁ አያስለጥፉ።

ሲያቆሙ የፊት መስታወቱን በሚያንጸባርቅ መጋረጃ ይሸፍኑ፤ ከውጭ በኩል የሚደረግ ሽፋን ከውስጡ ይበልጣል፣ ሙቀቱ ከነጭራሹ መስታወቱን አያልፍምና። መስታወቱን ጣት ያህል ዝቅ ማድረግ ብዙ ለውጥ አያመጣም። በተዘጋ ጋቢና ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ብቻ ሙቀቱን በ10 ዲግሪ ያህል ሊያሳድጉት ይችላሉ። ልጅ ወይም እንስሳ «ለአንድ ደቂቃ» ብሎ መተው የማይታሰብ ነው።

አየሩን ማንቀሳቀስ

ፀሐይ ላይ ውሎ የጋለ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ወዲያው መስታወት ዘግቶ ኤሲ ማብራት ትኩሱን አየር መልሶ መላልሶ ማቀዝቀዝ ነው። የተሳፋሪውን መስታወት ዝቅ ያድርጉ፣ የሹፌሩን በር አምስት ስድስት ጊዜ ከፈት ዘጋ ያድርጉ፤ አየሩ በወዲያኛው ይወጣል። ከዚያ መስታወቶቹ ክፍት ሆነው፣ ማራገቢያው ከፍተኛ ላይ ሆኖ አንድ ሁለት ደቂቃ ይንዱ። የሚወጣው አየር ከውጭው ሲቀዘቅዝ ይዝጉና የውስጥ አየር ማዞሪያውን ያብሩ።

በሩ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት ያለው ፒክአፕ ዕድለኛ ነው። ከዘጠና ዲግሪ አሳልፈው ሲያዞሩት የውጭውን አየር እየቀዳ ደረትዎ ላይ ያመጣዋል። ለዚህ መውጫ ያስፈልጋል፤ የወዲያኛውን መስታወት ጥቂት ይክፈቱ። የኋላውን ተንሸራታች መስታወት ብቻውን መክፈት ግን አይመከርም። ከጋቢናው ጀርባ አየሩ ስለሚሽከረከር የራስዎን ጭስ ሊያስገባ ይችላል።

ማራገቢያው ደክሞ ከሆነ ከመቀየርዎ በፊት በከፍተኛው ፍጥነት ላይ እያለ በሞተሩ ሽቦዎች ላይ ቮልቴጁን ይለኩ። ከባትሪው ቮልቴጅ ከ1 ቮልት በላይ ከጎደለ ሞተሩ ጥፋተኛ አይደለም፤ የተቃጠለ ሶኬት፣ የደከመ ማብሪያ ወይም የዛገ የመሬት ሽቦ ነው። ከባትሪው በፊውዝ የሚመጣ አዲስ ሽቦና ሪሌ መግጠም ብዙ ጊዜ ማራገቢያውን እንደ አዲስ ያደርገዋል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን መሳቢያም ይክፈቱ፤ የዓመታት ቅጠልና አቧራ ተጨፍልቆ ይገኛል።

በመጨረሻ ኤሲው

አሮጌ ኤሲ በመንገድ ላይ አቀዝቅዞ በሚኒሞ ላይ ለብ የሚል ከሆነ ጋዝ አይጨምሩበት። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ባለው፣ የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን በሚያወጣበት ክፍል) ላይ በቂ አየር አለማለፉ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሞተሩ እየሠራ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ በቀስታ ይርጩ። የማውጫው አየር ወዲያው ከቀዘቀዘ አየሩ ነው የጎደለው። ኮንደንሰሩን ከሞተሩ ወገን ወደ ፊት በቀላል የውሃ ግፊት ይጠቡ፣ ከፍተኛ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማል። በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሃል የሚጠራቀመውን ሣርና ነፍሳት ያውጡ፣ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በፎም ይዝጉ፤ አለዚያ የሞተሩ ትኩስ አየር በጎን ዞሮ ይመለሳል።

የቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ፍሪሲዮን በተለይ ይታይ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋና ቁልፉ ከወጣ በኋላ ቬንትሌተሩን በእጅ ያሽከርክሩ። ጤነኛው ይከብዳል። ገፋ ሲያደርጉት ብዙ ዙር በነፃ ከዞረ፣ ወይም በመሃሉ የቅባት ቅሪት ካለ ውስጡ ያለው ሲሊኮን አልቋል። (የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ያለው መኪና ሳይታሰብ ሊነሳ ስለሚችል የባትሪውን ሽቦ ሳይፈቱ እጅ አያስገቡ።)

ኤሲው ጠዋት ሠርቶ ሞተሩ ሲግል የሚያቋርጥ ከሆነ የኮምፕሬሰሩን ፍሪሲዮን ክፍተት በስፔሶር (የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች) ይለኩ። አብዛኞቹ ከ0.4 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ይፈልጋሉ። ሲያረጅ ክፍተቱ ይሰፋል፤ የጋለው ኮይል (ፍሪሲዮኑን የሚስበው የኤሌክትሪክ ማግኔት) ጉልበቱ ሲቀንስ መሳብ ያቅተዋል። ከውስጥ ካሉት ቀጫጭን የክፍተት ቀለበቶች አንዱን ማውጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ኮምፕሬሰር መቀየር አያስፈልግም።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠሩት ፒክአፖች በአር-12 ጋዝ ነበር የሚሠሩት፤ ኦዞንን ስለሚጎዳ ቀርቷል። ወደ አር-134ኤ ሲቀየር የድሮውን ክብደት ያህል አይሞላም፤ ከ80 እስከ 90 በመቶው ይበቃል። ከአር-12 ጋር የነበረው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድምና ዘይቱ ይቀየራል፣ ኦሪንጎቹና ማድረቂያው ጠርሙስም አብረው ይቀየራሉ። መሥመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሳብ፣ ከዚያ ፓምፑ ጠፍቶ መለኪያው ሳይነቃነቅ መቆየቱ ይታይ። ከተነቃነቀ ማሾለኪያ አለ፤ ጋዝ መሙላት ከንቱ ነው። ጋዙ በሚዛን እንጂ በግምት አይሞላም። የቤት ማብሰያ ጋዝ የሚቀላቅሉ አሉ። ተቀጣጣይ ነው፣ ኢቫፖሬተሩ (ጋዙ አየሩን የሚያቀዘቅዝበት ክፍል) ደግሞ ያለው ጋቢና ውስጥ ነው።

የውጭው አየር ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ሞተሩ በ1500 ዙር፣ የአር-134ኤ ዝቅተኛ ግፊት ከ2 እስከ 3 ባር፣ ከፍተኛው ከ13 እስከ 18 ባር አካባቢ ይሆናል። ከፍተኛው ከዚህ አልፎ ሲወጣ ጋዙ በዝቷል ወይም አየር አያልፍም። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ ጎድሏል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። የውስጥ አየር ማዞሪያው በርቶ ከማውጫው ከ5 እስከ 10 ዲግሪ የሆነ አየር ከወጣ ከአሮጌ መኪና ከዚህ በላይ አይጠበቅም።

ኤሲው እየሠራ ከመኪናው ሥር ውሃ መንጠብ አለበት። ካልነጠበና የተሳፋሪው ምንጣፍ ከረጠበ የኢቫፖሬተሩ ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል። ከሥር ሆነው በለስላሳ ሽቦ ይክፈቱት፤ ጥልቅ አድርገው አይግፉ፣ ኢቫፖሬተሩን ሊበሱት ይችላሉ።

ኤሲ ለሌለው ፒክአፕ በውሃ ትነት የሚሠራ ማቀዝቀዣ የሚሸጡ አሉ። በደረቅ አየር ውስጥ ይሠራል፤ መስታወት ግን ክፍት መሆን አለበት፣ አለዚያ ጋቢናው በእርጥበት ይሞላና ላብዎ መትነን ያቆማል። እርጥብ አየር ባለበት አገር ምንም አይጠቅምም። ደረቅ በረዶ በተዘጋ ጋቢና ውስጥ አይግባ፤ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያፍናል። የፕላስቲክ ቆዳ ወንበር ላይ የእንጨት ዶቃ ወይም ወንፊት የመሰለ ሽፋን ያንጥፉ፤ በጀርባና በወንበሩ መሃል አየር የሚያልፍበት አንድ ሴንቲሜትር ክፍተት ረጅም መንገድ ላይ ከሌላ ማራገቢያ ይሻላል።